«አራቷ ሰዓት የት ገባች?»

እጮኛዋ አሜሪካ ከገባ ገና 10 ቀኑ ነው። እሷ ግን ቀለበቷን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከታዋለች! በዚህ በታኅሣሥ ብርድ እኔ ዘንድ የመጣችው ወጣት (ስሟን ተዉት) ብሶቷን የጀመረችው በሒሳብ ነበር።

«እህቴ አምና ከዋሽንግተን ስትመጣ በ13 ሰዓት ቦሌ ገባች። እሱ 17 ሰዓት ፈጀብኝ ይላል። መንገዱ ያው፣ አየር መንገዱ ያው! አራቷ ሰዓት የት ገባች?»

ክሱ በዚህ አላበቃም። «ጠዋት ደርሼ እደውላለሁ» ብሎ የደወለው ማታ 1 ሰዓት ላይ ነው። በ3ኛው ቀን ደግሞ እስከ እኩለ ሌሊት ጠብቃ ስታወራው እንቅልፍ ወሰደው። «ሰለቸሁት ማለት ነው» አለችኝ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

ልጁን አላውቀውም፤ ጠበቃውም አይደለሁም። ስለ አውሮፕላኑ ግን ልመስክር።

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥፋተኛዋ ራሷ አዲስ አበባ ናት። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው። ክንፉም ሞተሩም የሚሠሩት በአየር ነውና፣ አውሮፕላኑ ሙሉ ሰውና ሙሉ ነዳጅ ጭኖ ከዚህ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ ነዳጁን ቀነስ አድርጎ ይነሳና መንገድ ላይ ይቀዳል፤ ባለፉት ዓመታት ሮምም ደብሊንም ላይ እያረፈ ሄዷል። የዋሽንግተኑ ደለስ ማረፊያ ግን ከባሕር ጠለል 100 ሜትር እንኳ ከፍ አይልም። ከዚያ ታንኩን ሞልቶ ይነሳና ሳያርፍ ቦሌ! በዚያ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የሰማይ ነፋስ ሲመጣ ከኋላ ይገፋዋል፣ ሲሄድ ፊት ለፊት ይገጥመዋል። አራቷ ሰዓት የገባችው እዚህ ነው፤ ሌላ ሴት ቤት አይደለም።

«ጠዋት» ያለውስ? የሱን ጠዋት ነዋ! ማታ 5 ሰዓት ተነስቶ 17 ሰዓት ሲበር፣ እዚህ ከቀኑ 10 ሰዓት ይሆናል። እዚያ ግን ገና ማለዳ ነው፤ ዋሽንግተን በዚህ ወቅት ከእኛ 8 ሰዓት ወደኋላ ናት (ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ጥቅምት ማገባደጃ 7)። ከዚያ የፓስፖርት ሰልፍ አለ፣ ሻንጣ አለ፣ ከደለስ እስከ ከተማው ደግሞ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አለ። ማታ 1 ሰዓት መደወሉ እንዲያውም ፈጥኗል ባይ ነኝ።

ለእናንተም፣ ሰው ባሕር ማዶ ላላችሁ፣ አንዲት ዘዴ ልንገራችሁ። በታኅሣሥ የዋሽንግተኑን ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዱና 2 ደምሩበት፤ የእኛው ሰዓት ይወጣል። የሱ ጠዋት 8 የእኛ ቀን 10 ነው። ከ12 ካለፈ 12 ቀንሱ። በበጋቸው 1 ብቻ ይደመራል። ስትቀጣጠሩም «በማን ሰዓት?» ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም፤ በዚች ጥያቄ ማጣት ስንቱ ተኳርፏል!

እንቅልፉስ? አካሉ ዋሽንግተን ቢገባም ሰውነቱ ገና በአዲስ አበባ ሰዓት ነበር። አንቺ እኩለ ሌሊት ላይ ስታወሪው እዚያ ከቀኑ 10 ሰዓት ቢሆንም፣ ለሱ እኩለ ሌሊት ነው። ሰውነት ለአንድ ሰዓት ልዩነት አንድ ቀን ገደማ ይፈልጋል ይባላል፤ ለ8 ሰዓት 8 ቀን ያህል ስጪው።

አሁን ግን እህቴ፣ 10 ቀን ሞልቶታል። ከእንግዲህ ስልክ ላይ ቢያንቀላፋብሽ አውሮፕላኑ አይጠየቅበትም፤ ያኔ ተመልሰሽ ነይ።