ከጨረታው ዋጋ በፊት የሚቀርብ ጥያቄ

አንድ መሥሪያ ቤት ትምህርት ቤት ወይም ሐኪም ቤት ለማሠራት ሲነሣ ሥራውን በጨረታ ያወጣል። ፖስታው ሲከፈትም የብዙዎች ዓይን የሚያርፈው በዋጋው ላይ ነው። እኛ ግን ዛሬ የምናወሳው ከዋጋው አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባውን ነው፤ ይኸውም ሥራ ተቋራጩ ሠራተኞቹን በደኅና አውሎ በደኅና ወደየቤታቸው ለመመለስ የሚችል መሆኑን ነው።

ተወዳዳሪው ዋጋ ከማቅረቡ በፊት ችሎታው የሚመረመርበት ሥርዓት «ቅድመ ብቃት ግምገማ» ይባላል። በኢትዮጵያ ሥራ ተቋራጮች በደረጃ ተመድበው ፈቃድ ይሰጣቸዋል፤ ለዚህም ባለሙያቸው፣ መሣሪያቸውና የገንዘብ አቅማቸው ይታያል። ይህ ሁሉ አስፈላጊ ነው። ነገር ግን ብዙ መሣሪያ ያለው ሁሉ ጠንቃቃ ነው ማለት አይደለም።

ሕጉ ስለዚህ ነገር ዝም አላለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪው ስለ ሥራው አደገኛነት ለሠራተኛው እንዲያስረዳ፣ የአደጋ መከላከያ መሣሪያና ልብስ እንዲሰጥ፣ የደረሰውንም አደጋ መዝግቦ እንዲያስታውቅ ያዛል። ሠራተኛውም የተሰጠውን መከላከያ በሚገባ የመጠቀም ግዴታ አለበት። እንግዲህ ጨረታ የሚያወጣው ሹም ይህን ሕግ ወደ ጥያቄ ቢለውጠው ይበቃዋል።

ባለፉት 3 ዓመታት በሥራ ቦታችሁ ስንት አደጋ ደረሰ? መዝገቡስ የት አለ? የደኅንነት ኃላፊው ሥራን የማስቆም ሥልጣን አለው? ጥልቅ ቦይ ሲቆፈር አፈሩ በምን ይደገፋል? የ1 ሜትር ኩብ አፈር ክብደት ከ10 ኩንታል ይበልጣልና ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ደግሞም መወጣጫውን ማን ያቆመዋል? ሰው ሳይወጣበትስ ማን ይመረምረዋል?

መወጣጫ የግንበኛው ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን በቅርቡ በኀዘን ተምረናል። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በምንጃር ሸንኮራ፣ በአረርቲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ለግንባታ የቆመው የእንጨት መወጣጫ ተደርምሶ ለበዓል ከመጡት ምእመናን ከ30 የሚበልጡት ሞተዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚረሳው አንድ ጥያቄ አለ። የራስ ቁር፣ የደኅንነት ቀበቶና የመወጣጫ ዋጋ በጨረታው ሰነድ ለብቻው ተጽፏል? ካልተጻፈ፣ ለሠራተኛው የሚያወጣው ተቋራጭ ውድ፣ የማያወጣው ርካሽ መስሎ ይታያል። ጨረታውም ጠንቃቃውን ቀጥቶ ቸልተኛውን ይሸልማል።

አንዳንድ ድርጅቶች በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣው አይ.ኤስ.ኦ. 45001 በተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት የደኅንነት ምስክር ወረቀት ይይዛሉ። ወረቀቱ የሚጸናው ለ3 ዓመት ሲሆን በመካከሉም ክትትል ይደረግበታል። ይህ መልካም ነው፤ ሆኖም ወረቀቱ ድርጅቱ የአሠራር ሥርዓት እንዳለው ይመሰክራል እንጂ ዛሬ ጧት የታሰረው መወጣጫ ጽኑ ስለመሆኑ አይመሰክርም። ስለዚህ ገምጋሚው ወረቀቱን ካነበበ በኋላ ተቋራጩ በሌላ ስፍራ የሚያሠራውን ሄዶ ቢያይ፣ ሠራተኞቹንም ቢጠይቅ ይበጃል።

አደጋ ከደረሰ በኋላ ካሣ አለ የሚል ሰው ይኖራል። አዋጁ ለዘለቄታው ፈጽሞ መሥራት ለማይችል ሠራተኛ የ5 ዓመት ደመወዝ ካሣ ይወስናል። ዛሬ 4 ዓመት የሆነው ልጁ ግን ያ ገንዘብ ሲያልቅ ገና 9 ዓመቱ ነው፤ እንጀራም፣ ደብተርም፣ ጫማም ይፈልጋል።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው፣ ከሞት በኋላ የሚላክ መርማሪ የሞተውን አይመልስም። ውል ከመፈረሙ በፊት የቀረበ ጥያቄ ግን ብዙ አባቶችን ወደ ቤታቸው ይመልሳል። ሹሙም ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ይህን ቢያስብ ለሀገሩ ሕንፃ ብቻ ሳይሆን ቤተሰብም ያቆማል።