ስም የሌለውን ገመድ እንዴት እንለየው?

በደነባ ገበያም ሆነ በመርካቶ የዩኤስቢ ገመድ ስንገዛ አብዛኛውን ጊዜ በላዩ አንዳች ጽሑፍ አናገኝም። ጫፉ ከስልካችን ከገጠመ ይበቃል ብለን እንወስደዋለን። ነገር ግን የጫፉ ቅርጽ የገመዱን ችሎታ አይናገርም። መልካቸው አንድ ከሆነ ሁለት ገመዶች አንደኛው ባትሪ ከመሙላት በቀር ሌላ ሥራ አያውቅ ይሆናል፤ ሁለተኛው ግን ፋይልም ያመላልሳል።

ምክንያቱ በውስጡ ያለው ሽቦ ነው። የተለመደው ገመድ 4 ሽቦዎች አሉት፤ ቀይና ጥቁሩ ኤሌክትሪክ፣ ነጭና አረንጓዴው መረጃ ያስተላልፋሉ። ዋጋው እንዲረክስ የተፈለገ እንደ ሆነ ሁለቱ የመረጃ ሽቦዎች ይቀራሉ። የመመረቂያ ጽሑፉን ከስልኩ ወደ ኮምፒዩተር ሊያዛውር የተነሣ ተማሪም ፋይሉ አልታይ ሲለው «ስልኬ ተበላሸ» ብሎ ወደ ጠጋኝ ይሮጣል፤ ገንዘብም ይከፍላል። የጎደለው ግን ሁለት ቀጫጭን ሽቦ ነው።

ይህን ለመለየት መሐንዲስ መሆን አያሻም፤ ይህን የሚጽፈውም የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ነው።

አንደኛ፤ ስልኩን ከኮምፒዩተር ጋራ እናገናኝ። ፋይል የማስተላለፍ ምርጫ ከመጣ ገመዱ መረጃ ያሳልፋል። ምርጫው በዚህ ገመድ እምቢ ብሎ በሌላው ከመጣ፣ ጥፋቱ የገመዱ እንጂ የስልኩ አይደለም።

ሁለተኛ፤ ወደ ኮምፒዩተር የሚገባውን ጠፍጣፋ ጫፍ ወደ ውስጥ እንመልከት። 4 የብረት ምላሶች ብቻ ካሉት ፍጥነቱ በሴኮንድ ከ480 ሜጋቢት አያልፍም። ከኋላቸው 5 ተጨምረው 9 ከሆኑ ግን ለ5 ጊጋቢት የተሠራ ነው። የፕላስቲኩ ሰማያዊነት ብቻውን ምስክር አይሆንም።

ሦስተኛ፤ ሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ የሆነ ተራ ገመድ እስከ 60 ዋት ይሸከማል። ከዚያ በላይ፣ ይኸውም እስከ 100 ዋት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ከወጣው ደንብ ወዲህም እስከ 240 ዋት ለመሸከም፣ ችሎታውን ለቻርጀሩ የሚናገር ትንሽ ቺፕ በውስጡ ሊኖረው ይገባል። ቻርጀሩንና ኮምፒዩተሩን ሳንለውጥ ገመዱን ብቻ እየለዋወጥን ብንሞክር ልዩነቱ ይገለጣል።

ነገሩ ከመዘግየትም ያልፋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 የጉግል መሐንዲስ የነበረው ሚስተር ቤንሰን ሊዩንግ ከገበያ የገዛውን ገመድ ሲመረምር፣ ሽቦዎቹ ተዛንፈው የተሠሩ ስለ ነበሩ ኮምፒዩተሩ ተበላሽቶበታል። ስለዚህ የማናውቀውን ገመድ ውድ በሆነው ዕቃ ላይ አስቀድመን አንሞክር።

ከለየነው በኋላ በጫፉ ላይ ፕላስተር ለጥፈን «ለቻርጅ ብቻ» ወይም «ለፋይል» ብለን እንጻፍበት። መብራት ለጥቂት ሰዓት ብቻ በሚመጣበት ማታ የትኛውን ማንሣት እንዳለብን ያኔ አንቸገርም።