እውነት ወይስ ተረት? ስልክ፣ ሰዓትና የያቤሎ ተማሪ የስፖርት ክፍለ ጊዜ

የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት «ለእያንዳንዱ ተማሪ በልኩ ይሰጥ» ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው የእጅ ሰዓት ነው፦ እርምጃ የሚቆጥር፣ የልብ ምት የሚያነብ፣ ካሎሪ የሚያሰላ። ቦረና ዞን ያቤሎ ላይ ክርክሩ ቶሎ ያልቃል። ሰዓቱ የለም፤ ስለዚህ ነገሩ እኛን አይመለከትም ይባላል። መሣሪያው አለመኖሩ እውነት ነው። መደምደሚያው ግን ተረት ነው፤ ከመሣሪያው ጋር ተያይዘው የሚነገሩት ቁጥሮችም ቢሆኑ ብዙዎቹ የሚታመኑትን ያህል አይደሉም።

ተረት፦ ውድ መሣሪያ ከሌለ ተማሪን በልኩ ማሠራት አይቻልም

ሐሳቡን ያስተዋወቀው የአሜሪካ ታሪክ ነው። ከቺካጎ ብዙም በማትርቀው ኔፐርቪል ፊል ሎውለር የተባለ የስፖርት መምህር ነበር። ጆን ሬቲ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተመው «ስፓርክ» መጽሐፍ እንደተረከው፣ መምህሩ ሩጫ ላይ ወደኋላ ለምትቀር አንዲት ልጅ የልብ ምት መለኪያ ያስርላታል። ሲያየው በሩጫው የልቧ ምት በአማካይ በደቂቃ 187 ነበር። ሰነፍ የምትመስለው ልጅ ለካ ያላትን ሁሉ እየሰጠች ነው። ከዚያ በኋላ በዚያ ትምህርት ቤት ማርክ የሚሰጠው ለቀደመ ሳይሆን በራሱ አቅም ልክ ለሠራ ሆነ።

ታሪኩን የሚሰማ ሰው መለኪያውን ይዞ ይቀራል። የተለወጠው ግን ማርክ አሰጣጡ ነው፤ ማርክ አሰጣጥን ለመለወጥ ደግሞ ግዢ አያስፈልግም። የሞንትሪያሉ ተመራማሪ ሉክ ሌዤ እ.ኤ.አ. በ1988 ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው የ20 ሜትር የምልልስ ሩጫ ፈተና የሚጠይቀው 20 ሜትር ሜዳ፣ ሁለት መስመርና ድምፅ ብቻ ነው። ድምፁ «ጢጥ» ባለ ቁጥር ተማሪው ከአንዱ መስመር ሌላው ላይ መድረስ አለበት። ፍጥነቱ በሰዓት ከ8.5 ኪሎ ሜትር ይጀምርና በየደቂቃው በግማሽ ኪሎ ሜትር ይጨምራል። መጀመሪያ ላይ 20 ሜትሩን ለመጨረስ ስምንት ሰከንድ ተኩል ገደማ ስለሚሰጥ ሶምሶማ ማለት ይበቃል፤ እየቆየ ግን ጨዋታው ይከብዳል። ድምፁን ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ያልደረሰበት ይወጣል፤ የደረሰበት ደረጃም ይጻፍለታል።

ለዚህ የመምህሩ አንድ ስልክና አንድ ስፒከር ይበቃል። የድምፅ ፋይሉ ኢንተርኔት በሌለበትም በዜንደር መተግበሪያ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ የሚዘዋወሩት ፋይሎች ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም፤ አንዳንዱ ከ8 ኪሎ ሜትር ይጀምራል። ፈተናው ሲደገም በጥቅምት የተጠቀሙበትን ፋይል በጥርም መጠቀም ነው፤ አለዚያ «አሻሻለች» የተባለችው ልጅ ያገኘችው የፋይል ለውጥ ይሆናል። ግማሹ ክፍል ሲሮጥ ግማሹ ይመዘግባል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። ደረጃ 3 ላይ የቆመች ልጅ የምትወዳደረው ደረጃ 9 ከደረሰው የክፍል ጓደኛዋ ጋር ሳይሆን ከራሷ 3 ጋር ነው። «በልኩ» ማለት ይኸው ነው።

ተረት፦ ከ220 ላይ ዕድሜህን ቀንስ፤ የልብህ ጣሪያ እሱ ነው

ይህን ቀመር ስልኩም ሰዓቱም ያምኑታል። የመጣው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ፎክስና ሃስኬል የተባሉ ተመራማሪዎች ከተለያዩ ጥናቶች በሰበሰቧቸው ነጥቦች መካከል ካሰመሩት ግምታዊ መስመር። በዕድሜ እኩያ የሆኑ ጤነኛ ሰዎች ከዚህ ቁጥር ከ10 እስከ 12 ምት ወደ ላይም ወደ ታችም ሊርቁ ይችላሉ። በአሥራዎቹ ዕድሜ ደግሞ የልብ ጣሪያ በየልደቱ አንድ አንድ እየቀነሰ አይሄድም። የ16 ዓመት ተማሪ 204 «መድረስ አለበት» ብሎ ማርክ መቁረጥ ትክክል አይደለም። ሁለት ጣት የእጅ አንጓ ላይ አሳርፎ 15 ሰከንድ መቁጠርና በ4 ማባዛት፣ ከዚያም «ምን ያህል ከበደህ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። የድካም ስሜትን ከ6 እስከ 20 በቁጥር የሚገልጸውን መለኪያ ያወጣው ስዊድናዊው ጉናር ቦርግ ነው፤ ዋጋው የአንድ ወረቀት ነው፣ በኦሮምኛም በአማርኛም መጻፍ ይቻላል።

ተረት፦ በቀን 10,000 እርምጃ

አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ያገኘው በ1957 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1964) ነው። ከዚያ ኦሊምፒክ በኋላ ጃፓን በእንቅስቃሴ ፍቅር ተይዛ ሳለች፣ በማግሥቱ ዓመት አንድ የእርምጃ መቁጠሪያ ገበያ ወጣ፤ ስሙ «ማንፖኬ»፣ ማለትም አሥር ሺህ እርምጃ ቆጣሪ። ቁጥሩ ከዕቃው ስም የተወለደ እንጂ ከምርምር የወጣ አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች እርምጃ አልቆጠረም፤ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ትንፋሽ የሚያፈጥን እንቅስቃሴ፣ ከዚያ ውስጥ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ጠንከር ያለና ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር ነው ያለው።

እርምጃ ቆጣሪ ቦረና ላይ የሚያመልጠው ብዙ ነው። ዱብሉቅ አካባቢ ካሉት ቱላ ከሚባሉት ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች አንዱ ውስጥ፣ በሰልፍ ቆሞ ባልዲ ከታች ወደ ላይ ሲያቀባብል ያረፈደ ወጣት ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ምንም አልሠራህም ሊለው ይችላል። 20 ሊትር ጀሪካን ያዘለች ልጅ ጀርባዋ ላይ 20 ኪሎ አለ፤ ስልኩ ግን እርምጃዋን ባዶ እጇን ከምትንሸራሸር ሴት እርምጃ አይለይም።

ካሎሪውንማ ባናነሳው ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2017 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሰባት መሣሪያዎችን ሲፈትሹ ስድስቱ የልብ ምትን ከ5 በመቶ ባነሰ ስህተት ለክተዋል፤ በካሎሪ ግን ከሁሉም የተሻለው እንኳ በአማካይ 27 በመቶ ስቷል።

ተረት፦ አፑ «ክብደትህ አነስተኛ ነው» ካለ ነው ማለት ነው

በእኔ እይታ ከሁሉም ጎጂው ይህ ነው። አፑ ክብደትን ለቁመት ስኩዌር ያካፍልና ውጤቱ ከ18.5 በታች ከሆነ ቀይ ያበራል። ይህ የአዋቂዎች መስመር ነው፤ ለ15 ዓመት ልጅ በዕድሜና በፆታ የሚለይ ሌላ ሠንጠረዥ አለ። በዚያ ላይ የአርብቶ አደር አካባቢ ልጆች የሰውነት ቅርፅ ጉዳይ አለ። ማርክ ማያትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት፣ በኢትዮጵያ ትንንሽ ልጆች ላይ በተሠራ ጥናት፣ የአርብቶ አደር ልጆች ከቁመታቸው አንፃር እግራቸው ረዘም፣ ከወገብ በላይ ያለው አካላቸው አጠር ያለ በመሆኑ ክብደትን በቁመት የሚመዝን መለኪያ ከእውነቱ በላይ ብዙዎቹን «የተጎዱ» እንደሚያደርግ አሳይተዋል። ጥናቱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን አልተመለከተም፤ ረዥም እግር ግን ከልጅነት ጋር አብሮ አይቀርም። ሎጋ የሆነ ጤነኛ ጎረምሳ ስልኩ «ቀጭን» ስላለው ከሩጫ ሊቀር ይችላል።

ይህ ግን ረሃብ የለም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ቦረና ላይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሽፈዋል፤ ከብት አልቋል፣ ልጆች ከትምህርት ገበታ ቀርተዋል። የዚያን ጊዜ ሆዱ ባዶ የሆነ ልጅ የቀነሰው ደረጃ የስንፍና አልነበረም። ይህን ደግሞ ሰዓቱ አይነግርም፤ የሚነግረው መምህሩ ፈተናው ከመጀመሩ በፊት «ምሳ በልተሃል? ጠዋት ከየት መጣህ? ጾመኛ ነህ?» ብሎ ከጎኑ የሚጽፋት ማስታወሻ ናት።

ግማሽ እውነት፦ የቦረና ልጅ ስፖርት አያስፈልገውም

ከብት ተከትሎ ፎራ (ራቅ ያለ የግጦሽ ሰፈር) ለወረደ ልጅ መራመድን ማስተማር አስቂኝ ነው፤ እስከዚህ እውነት ነው። ያቤሎ ከተማ ውስጥ ሱቅ አጠገብ ተከራይቶ የሚማረው ግን ከብት አይከተልም፤ በባጃጅ የሚመላለስም አለ። ውሃ የምትቀዳውም ልጅ ብትሆን ሸክም እንጂ ጨዋታ አላገኘችም፤ መዝለል፣ መወርወር፣ ከእኩያ ጋር ኳስ መቀባበል ጀሪካን ውስጥ የለም። አንድ ወጥ ልምምድ ለሁለቱም መስጠት አንዱን ያሰለቻል፣ ሌላዋን ያደክማል። የከተማው ልጅ ትንፋሹ ላይ ይሥራ፤ ወገቧ በሸክም የደከመው ልጅ ማፍታቻ፣ ሚዛን መጠበቅና ቀላል ዝላይ ይሰጣት። ይህን ለመለየት የሁለት ሳምንት የቤት ሥራ ይበቃል፦ ተማሪው ትናንት የሠራውን፣ የተሸከመውንና የተጓዘበትን ሰዓት በደብተሩ ይጽፋል።

ስልክ ለተማሪ በተከለከለበት ትምህርት ቤትም ይህ ሁሉ ይሠራል፤ ግቢ ውስጥ ያለው ስልክ የመምህሩ ብቻ ነውና። የእያንዳንዱ ተማሪ ደረጃና ክብደት ግን ክፍል ፊት አይነበብም፣ ግድግዳ ላይ አይለጠፍም፣ የክፍሉ ቴሌግራም ላይም አይለቀቅም። ልጁ የራሱን ይወስዳል፤ መምህሩ ቅጂውን እስከ ጥር ያስቀምጣል።