9 ቀን፣ 3 ከተማ፣ አንድ ጆሮ፦ ከሮክ ባንድ ጋር ውጭ ሀገር ስትወጡ

ሰሞኑን ኢንቦክስ የሚመጣልኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ሆኗል። «ዶክተር፣ ከባንድ ጋር ለሾው ልወጣ ነው፣ ምን ክትባት ልውሰድ?» ትላላችሁ። የክትባቱ መልስ አጭር ነው። የሚጠይቅ ሀገር የምትሄዱ ከሆነ የቢጫ ወባ ክትባታችሁን ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብላችሁ ውሰዱ፤ ከ2016 እ.ኤ.አ ወዲህ አንድ ጊዜ የተወሰደ ክትባት ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። በቃ። እኔ ዛሬ ማውራት የምፈልገው ስለ ጆሮ፣ ስለ ጫትና ስለ ክኒን ነው። አጭር ጉዞ ላይ ሙዚቀኛን ሲጎዱ ያየኋቸው እነሱ ናቸውና።

ባለፈው ዓመት የፈረስ መጋላ አብሮ አደጎቼ ያሉበት ባንድ ለ9 ቀን አውሮፓ ሲሄድ አብሬ ሄጄ ነበር። አምስተርዳም፣ ፍራንክፈርት፣ ዙሪክ። የመድረክ ልብሳቸው መኪና ግርግር ላይ ተሰፍቶ፣ ጊታሩ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ። እኔን የወሰዱኝ ለሕክምና ሳይሆን ኬብል የሚጠቀልል ሰው ስለጎደላቸው ነው ይላሉ፤ ይበሉ።

«የሐረር ልጅና ሮክ ምን አገናኛቸው?» የሚል አይጠፋም። ጃኖ ባንድ በ2012 እ.ኤ.አ «ኤርታሌ» የተባለውን አልበም ካወጣ በኋላ ይሄ ጥያቄ ያረጀ ይመስለኛል። ከዚያም በፊት ሽለላን በሳክስፎን የተጫወቱት ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ «ዘ ኤክስ» በተባለው የሆላንድ ፓንክ ሮክ ባንድ ተጋብዘው በ2004 እ.ኤ.አ አምስተርዳም መድረክ ላይ ወጥተዋል። ያኔ ወደ 70 ዓመት እየተጠጉ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ከባንዱ ጋር «ሞአ አንበሳ» የተባለውን አልበም አሳተሙ። ስለዚህ ዕድሜዬ ገፍቷል ብላችሁ ጉዞ የምትፈሩ ሙዚቀኞች፣ ቁም ነገሩ ዝግጅቱ ነው።

አሁን ወደ ጫቱ። ከሐረር ድሬዳዋ ኤርፖርት ለመድረስ አወዳይን ማለፍ ግድ ነው። ሚኒባሱ ገና ሲቀንስ ኪቦርድ ተጫዋቹ «ትንሽ ብቻ፣ ለመንገድ» አለ። «ትንሽ» የሚለው ቃል ትርጉሙ ሰፊ ነው። ለንደን ሱቅ ውስጥ ይሸጣል፣ አምስተርዳምም እንደ ልብ ነው ብሎ ሊያሳምነኝ ሞከረ። ልክ ነበር፣ ድሮ። ሆላንድ ጫትን በ2013፣ እንግሊዝ ደግሞ በ2014 እ.ኤ.አ ከልክለዋል። ጀርመንና ስዊዘርላንድም ክልክል ነው። አሜሪካ ውስጥ ጫቱ ውስጥ ያለው ካቲኖን በጣም ጥብቅ ቁጥጥር ካለባቸው አደንዛዥ ዕፆች ጋር ተመድቧል። ደርቆ ሻይ ቅጠል ቢመስልም ያው ነው። ሻንጣው ውስጥ የተገኘበት አንድ ሰው ቢሆንም የባንዱ ሾው በሙሉ አብሮ ይቀራል።

ሕጉን ተዉትና ወደ ጤናው እንምጣ። በየቀኑ በርጫ የለመደ ሰው ድንገት ሲያቆም ድብታ፣ ንጭንጭ፣ ሀራራና ዱካክ ይመጣሉ። ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይበረታሉ። እንግዲህ አስቡት፤ ጉዞው 9 ቀን ነው፣ የመጀመሪያው ሾው ሦስተኛው ቀን ላይ ነው። ልክ ዱካኩ በሚበረታበት ሰዓት መድረክ ላይ መውጣት ማለት ነው። ሌላው ጣጣ ጨብሲው ነው። ምርቃና ሳይኖር ጨብሲ ብቻውን ይቀጥላል፤ እንቅልፍ እንዲያመጣ ተብሎ ቢራ ይደራረባል። አልኮል ቶሎ ያስተኛል እንጂ የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ይረብሻል። ከእንቅልፍ ክኒን ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ መተንፈስን ሊያዳክም ይችላል፣ በዚህ አልቀልድም። የሚሻለው ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት መጠኑንም ቀኑንም እየቀነሱ መምጣት ነው። ኪቦርዲስታችን ይህን አድርጎ ነበር፤ አወዳይ ላይ የተናገረው ልማድ ሆኖበት ነው። ሁለት ሌሊት ተገላበጠ፣ በሦስተኛው ተኛ።

የሰዓት ልዩነቱ አውሮፓ ላይ እምብዛም አያስቸግርም፣ እንደ ወቅቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ብቻ ነው። ዋሽንግተን ብትሄዱ 7 ወይም 8 ሰዓት ስለሆነ ሰውነት እስኪለምደው ቀናት ይፈልጋል፤ ከተቻለ ከሾው ሁለት ቀን ቀድማችሁ ግቡ።

አሁን ዋናው ነገር። አምስተርዳም፣ የመጀመሪያው ሌሊት። አዳራሹ ጠባብ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው። ስልኬ ላይ ባለው የድምፅ መለኪያ አፕ ስለካው 104 ዴሲቤል አካባቢ ነበር። የስልክ አፕ ልኩን በትክክል ባይነግርም ግምት ይሰጣል። ለሁሉም ኢርፕላግ የሚባለውን የጆሮ መድፈኛ አድዬ ነበር። ሊድ ጊታሪስቱ ኪሱ ከተተው። «አቦ ተወኝ፣ ከጉድጓድ ውስጥ የምጫወት ነው የሚመስለኝ» አለ። በስተግራው የድራሙ ሲምባል፣ ከኋላው በጆሮው ትይዩ አምፕሊፋየሩ። 70 ደቂቃ ተጫወተ።

ሒሳቡን ላሳያችሁ። 85 ዴሲቤል ላይ ለ8 ሰዓት መቆየት ይቻላል ተብሎ ይታሰባል። ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ ስትደርሱ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። 104 ላይ ስንት እንደሚቀር አስቡት፤ 6 ደቂቃ እንኳን አይሞላም። በእያንዳንዱ ጆሮ ውስጥ ድምፅን የሚቀበሉ 15 ሺህ ገደማ ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ። አንዴ ከሞቱ እንደ ፀጉር ተመልሰው አይበቅሉም።

ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሆቴል በሬን አንኳኳ። «ግራ ጆሮዬ ጭው ይላል፣ ሰው ሲያወራኝ ጥጥ የተወተፈበት ይመስላል።» ፊቱ ላይ ያየሁት ፍርሃት ነበር። የሚበላው በጆሮው ነው፤ ሦስት ልጆች አሉት። ፍራንክፈርት ሾው ላይ ለመድረስ የቀረን 2 ቀን ነው።

እንዲህ ዓይነቱ ጭውታ ብዙ ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይቀንሳል። ግን አንድ ጆሮ ድንገት መስማት ካቆመ ወይም ከሁለት ቀን በኋላም መስማቱ ካልተመለሰ የጆሮ ሐኪም ዘንድ በፍጥነት መሄድ ያስፈልጋል። ለድንገተኛ የመስማት ችግር የሚሰጠው መድሃኒት የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጀመር ነው፤ «ሀገሬ ስገባ እታያለሁ» አይሠራም። እሱን ሁለቱን ቀን ከጫጫታ አራቅነው። ሄድፎን የለም፣ ቫን ውስጥ ሙዚቃ የለም። ፍራንክፈርት ላይ ጭውታው ቀንሶ ስለነበር እንዲጫወት ተስማማሁ፣ ግን በቅድመ ሁኔታ። አምፕሊፋየሩ ወደ ታች ወርዶ አቅጣጫውን ቀየረ፣ ድራሙ ሁለት ሜትር ያህል ራቀ፣ ለሙዚቀኛ ተብሎ የተሠራውን ኢርፕላግ ገዛን። ይሄኛው ከስፖንጁ የሚለየው ቀጭኑንም ወፍራሙንም ድምፅ እኩል ስለሚቀንስ ዜማው አይደፈንም። ስንመለስ ጆሮው ሲለካ 4000 ኸርዝ አካባቢ መስማቱ ቀንሷል፤ ጫጫታ የሚጎዳው ጆሮ የሚታወቅበት ቦታ ነው። የአንድ ሌሊት ሥራ አይደለም፣ የዓመታት ነው። እስካሁን ያለ ኢርፕላግ ልምምድ እንኳን አይገባም።

ድራመሩ 46 ዓመቱ ነው፣ ደም ግፊት አለበት፣ አምሎዲፒን ይወስዳል። መድሃኒታችሁን የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አታስገቡ፤ ሻንጣ ይዘገያል። ከነማሸጊያው፣ ከሐኪም ማዘዣው ጋር በእጅ ቦርሳ ያዙ፣ ከጉዞው ቀን በላይ የሚበቃ አድርጉት። እዚህ ፋርማሲ ገብታችሁ በስሙ እንደምትገዙት እዚያ ያለ ማዘዣ አይሸጥላችሁም። ዱባይ የምትሄዱ ደግሞ ትራማዶል ወይም ኮዴይን ያለበት ሽሮፕ ያለ ቅድመ ፈቃድ እንዳትይዙ፤ ለወገብ ሕመም የታዘዘ ቢሆንም ችግር ውስጥ ይከታችኋል።

ቫኑ ውስጥ በየሁለት ሰዓቱ ወርደን እግራችንን እናፍታታ ነበር። ከ4 ሰዓት በላይ ቁጭ ብሎ መጓዝ እግር ውስጥ ደም የመርጋት ዕድልን በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። አደጋው በጥቅሉ ትንሽ ነው፤ የእርግዝና መከላከያ ክኒን የምትወስዱ፣ በቅርቡ ኦፕራሲዮን የሆናችሁ፣ ወይም ከዚህ በፊት ደም የረጋባችሁ ግን ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። አንድ እግር ብቻ አብጦ ካመመ፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው።

ለሼንገን ቪዛ የገዛችሁት ኢንሹራንስ ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን ነው። ሰው ቪዛው ከተመታለት በኋላ ወረቀቱን ይጥለዋል! ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንሱት። የአውሮፓ የድንገተኛ ስልክ 112 ነው። እዚያ እያላችሁ፣ ወይም ከዚህ ከወጣችሁ በሳምንታት ውስጥ ትኩሳት ቢይዛችሁ የአውሮፓ ሐኪም መጀመሪያ የሚያስበው ጉንፋን ነው። በ2022 እ.ኤ.አ ድሬዳዋ ላይ በደረቁ ወራት እንኳን የወባ ወረርሽኝ ተነስቶ ነበር፤ ከተማ ውስጥ የሚራባ አዲስ ዓይነት ትንኝ አለ። ስለዚህ እሱ እስኪጠይቃችሁ ሳትጠብቁ «ከምስራቅ ኢትዮጵያ ነው የመጣሁት፣ የወባ ምርመራ ይደረግልኝ» በሉት።