ከበሩ ወዲያ፦ ጥንታዊ ቤቶቻችንና የውስጥ ጌጣቸው

ስለ ጥንታዊ ቤቶች ሲጻፍ ወሬው ብዙውን ጊዜ ከበር መልስ ይቀራል፤ ስለ ግንቡ፣ ስለ በረንዳው፣ ስለ ጣሪያው ቅርጽ። ያሠሩት መኳንንት ስማቸው ይነሳል፣ አናጢውም አንዳንዴ ይታወሳል። መደቡን የለቀለቀችው፣ ግድግዳውን በስፌት የሞላችው፣ በየዓመቱ ምርጊቱን የምታድሰው ሴት ግን እምብዛም አትጠቀስም። የጭቃ ቤት ያለ እሷ እጅ ሁለት ክረምት አይሻገርም።

የደጋውን ጎጆ እንውሰድ። ማገሩ ታስሮ ግድግዳው በጭድ በተቦካ ጭቃ ይመረጋል፤ ጭቃው ተቦክቶ ጥቂት ቀን ካልሰነበተ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። በላዩ እበት፣ ከዚያም እንደ አገሩ ነጭ ወይም ቀይ አፈር ይለቀለቃል። የቤት ዕቃው ከቤቱ ጋር አብሮ የተሠራ ነው፦ መደቡ ከግድግዳው ይወጣል፣ ጎታው ጥግ ይይዛል፣ ቆጡ ከላይ ይረበረባል። መደቡ ላይ አጎዛ ወይም ቁርበት ይነጠፋል፤ መንዝ ከሆነ በሱፍ የተሠራው ባናና ዝተት አለ። ጉራጌ አገር መስቀል ሳይደርስ ግድግዳው እንደገና ይለቀለቃል፣ ሸክላው ይታጠባል፣ ወለሉ ይለሰናል፤ ቤቱ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ቢጠየቅ ምሰሶው የአያት፣ ግድግዳው የዘንድሮ ነው።

ሌላውን ባጭሩ ልለፈው። ላስታ ላይ ክቡ የድንጋይ ቤት ፎቅ አለው፤ ደረጃውም ከውጭ ነው። የትግራዩ ህድሞ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳና በግንድ የተረበረበ ባለ አፈር ጣሪያ አለው፤ ቀን ሙቀቱን፣ ሌሊት ብርዱን ይመክታል። እንዲያ ያለ ግንድ ዛሬ ከየት ይገኛል? ቆርቆሮ ያሸነፈው አንዱም በዚህ ነው። ዶርዜዎች ከቀርከሃ የሚሸምኑት ቤት እስከ 12 ሜትር ይረዝማል፤ ምስጥ እግሩን በበላው ቁጥር እያጠረ ይሄዳል፣ ሲያስፈልግም ተሸክመው ቦታ ይቀይሩታል።

ሐረር ላይ ግን ቆም ማለት ይገባል። ዩኔስኮ አሮጌውን የግንብ ከተማ፣ ጀጎልን፣ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 82 መስጊዶችና 102 የወሊዮች መታሰቢያ ስፍራዎች መኖራቸውን ጠቅሷል፤ ከሁሉ የላቀው የከተማዋ ቅርስ ብሎ ያነሳው ግን የመኖሪያ ቤቶቹን ውስጥ ነው። ከመንገድ ለሚያየው ረጅም አጥርና አንድ በር ብቻ ናቸው። ግቢው ታልፎ «ግድር ጋር» ወደሚባለው ዋናው ክፍል ሲገባ ጫማ ይወለቃል። ወለሉ አንድ ወጥ አይደለም፤ ነደባ የሚባሉ አምስት መደቦች ከፍና ዝቅ ብለው ተሠርተዋል። አሚር ነደባ የቤቱ አባወራ ወይም የከበረ እንግዳ መቀመጫ ነው፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው ማን እንደገባ ማን እንደወጣ ያያል። ግድር ነደባ፣ ጢት ነደባ፣ ሱትሪ ነደባና ከበሩ ጀርባ ያለው ገብቲ ኤሔር ነደባም የየራሳቸው ተቀማጭ አላቸው። እንግዳው «የት ልቀመጥ?» ማለት አያስፈልገውም፣ ቤቱ ራሱ ያስቀምጠዋል። ኪርታት የምትባለዋ ጎን ክፍል ደግሞ ሙሽሮች የመጀመሪያዎቹን ቀናት ተከልለው የሚያሳልፉባት ናት።

የነደባው ቀለም ቀይ ነው። በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለወደቁት የሐረር ሰዎች መታሰቢያ ነው ተብሎ ይተረካል። ነጩ ግድግዳ ውስጥ የተቦረቦሩት መስኮት መሰል መደርደሪያዎች አፍላላ የሚባሉትን ጥቁር ዕቃዎች ይይዛሉ፤ ከነሱ በላይ ሙሽራይቱ ለአማቷ የምትሰጠው ሐማት ሞትና ሌላው ስፌት በረድፍ ይሰቀላል። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ከተሰቀለ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው ይባላል። ከስፌቱ ጎን ደግሞ ከባሕር ማዶ የመጣ አበባ ያለበት የብረት ሳህን በብዛት ተደርድሮ ይታያል። አንዳንድ ጎብኚ ይህን ሲያይ ፊቱን ያጨማድዳል፤ ለኔ ግን የሐረርን ነጋዴነት ከስፌቱ እኩል የሚናገረው እሱ ነው። አሁን በየከተማው የሚከፈቱት «ባህላዊ» ምግብ ቤቶች የሐረሩን ስፌት፣ የጎጃሙን መሶብና የዶርዜውን ጥለት አንድ ግድግዳ ላይ ሲሰቅሉ ነው እኔ ፊቴን የማጨማድደው። ስፌት በግድግዳ መሰቀሉ በሐረር ሥርዓት ነው፤ መሶብ ግን ቦታው ወለል ላይ፣ ሰው መካከል ነው።

በሐረር በፈረንሳዊው ገጣሚ ስም «የሬምቦ ቤት» እየተባለ የሚጎበኘውን ባለ ፎቅ የእንጨት ቤት የሠራው የህንድ ነጋዴ ነው። አዲስ አበባም ስትቆረቆር የህንድና የአርመን ባለሙያዎች ከአገሬው ጭቃና ድንጋይ ጋር የተቀረጸ የእንጨት በረንዳና የቆርቆሮ ጣሪያ አዋሐዱ። ጉለሌ የሚገኘው የሼህ ሆጀሌ ቤት፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነው የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት፣ በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት የጎዳው የጣይቱ ሆቴል የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው።

እነዚህን ቤቶች ከእሳትም በላይ የለወጣቸው ግን አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። ትርፍ ቤት ሲወረስ የመኳንንቱ አዳራሽ ለቀበሌ ተላለፈና በኮምፔርሳቶ ተከፋፍሎ ብዙ አባወራ ገባበት። ኪራዩ ትንሽ፣ አዳሹ የለም። ነዋሪው ግን ቤቱን ባዶ አልተወውም። ኮርኒሱ ላይ አቡጀዲ ተወጠረ፣ የሚላጠው ግድግዳ ላይ አዲስ ዘመን ጋዜጣ በሊጥ ተለጠፈ፤ ፊደል የቆጠረ ልጅ ተዘቅዝቆ የተለጠፈ ዜና ለማንበብ አንገቱን ያጣምም ነበር። ይህም የቤት ማስዋብ ታሪክ ነው፤ አንድም ሙዚየም ግን ሲሰበስበው አላየሁም።

ዛሬ የጭቃ ግድግዳ ሲታደስ የሚመጣው ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶ ከጭቃ ጋር አይስማማም፤ እርጥበቱን ከውስጥ ይይዘውና ሲረግፍ ጭቃውን ይዞት ይወርዳል። ኖራና ጭቃ አመጣጥኖ የሚለስን ባለሙያ ማግኘት ከባድ ሆኗል። የሐረር ነደባም በብዙ ቤት ቀይ አፈሩን ትቶ የዘይት ቀለም ተቀብቷል። ቅርስ ወዳዱ ይህን ሲያይ ያዝናል፣ አፈሩ ይመለስ ይላል። እማወራዋ ግን የምታስበው ሌላ ነው፤ የዘይት ቀለም ልብስ አይነካም፣ በጨርቅ ይወለወላል፣ በየጊዜው ተንበርክኮ መለቅለቅን ያስቀራል። አፈሩ እንዲመለስ የሚፈልግ ከግንበኛውና ከአናጢው ክፍያ ጎን የለቅላቂዋንም ይያዝላት፤ እስካሁን የእሷ ድካም በነፃ ነው የሚታሰበው።