የኮርቢኑ ዶሮ ጠባሽ
ክፍል ሦስት፦ ሠላሳ ደቂቃ

ባለፈው ሳምንት፦ ሃርላንድ ሳንደርስ በኬንታኪ ግዛት፣ በኮርቢን ከተማ መንገድ ዳር የሼል ማደያ ይዞ፣ መንገደኛውን በራሱ የምግብ ጠረጴዛ ማብላት ጀምሮ ነበር። ከባላንጣው ባለማደያ ከማት ስቱዋርት ጋር በማስታወቂያ ሥዕል የተነሳው ጠብ ወደ ተኩስ ተቀየረ። የሼል ሰው ሮበርት ጊብሰን ሞተ፤ ስቱዋርት ቆስሎ በነፍስ ግድያ ተፈረደበት።

ስቱዋርት ወህኒ ሲወርድ መንገዱ ለሳንደርስ ተለቀቀለት። በ1935 (ቁጥሩ በፈረንጆች ነው) የኬንታኪ ገዥ ሩቢ ላፉን የኮሎኔልነት ማዕረግ ሰጠው። ማዕረጉ ለክብር የሚሰጥ ነው፤ ጦር አላዘመተበትም። ቤቱም እየሰፋ ሄዶ ወደ 140 ሰው የሚያስተናግድ ምግብ ቤት ሆነ።

ያላሸነፈው ሰዓትን ነበር። በብረት መጥበሻ አንድ ዶሮ እስኪበስል ሠላሳ ደቂቃ ይፈጃል፤ መኪናውን አቁሞ የገባ መንገደኛ ያን ያህል አይታገስም። አስቀድሞ ጠብሶ ማስቀመጥ ደግሞ የተረፈውን መጣል ነው። በብዙ ዘይት ውስጥ ነክሮ ማውጣት ቢፈጥንም፣ እንደዚያ የተጠበሰውን ዶሮ ሳንደርስ አይወደውም።

ይህን ጭንቀት የአዲስ አበባው የቁስቋም ሰፈር ሰው ሳይነገረው ያውቀዋል። የጽጌ ጾም ኅዳር 5 ቀን አብቅቶ በማግስቱ የቁስቋም ማርያም በዓል ሲውል፣ ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ባለው ሰፈር ጓዳው ሁሉ ሽንኩርት ሲያቁላላ ያመሻል። ዶሮው በፈላ ውኃ ተነክሮ ይነጫል፤ የቀረችው ላባ በእሳት ትለበለባለች፤ 12 ብልት ይወጣለታል፤ ከዚያ በሎሚና በጨው እየታሸ፣ ውኃው እስኪጠራ ደጋግሞ ይታጠባል። ይህ ሁሉ ሲሆን ድስቱ ገና ቅቤ አላየም። ባለሙያዋ «ደርሷል» እስክትል የሚያጣድፋት እንግዳ የለም። የዶሮ ወጣችን በየመንገዱ ቅርንጫፍ የሚከፍት ንግድ ሳይሆን የበዓል ምግብ ሆኖ የኖረው በዚህ ይመስለኛል። ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾምና ፍልሰታ ሲጨመሩበት ደግሞ ዶሮ ብቻ እየሸጠ ዓመቱን የሚዘልቅ ቤት ማሰብ ይከብዳል።

የሳንደርስ መንገደኛ ግን በዓል አይጠብቅም፤ የራበው ዛሬ ነው።

በ1939 አዲስ ዕቃ ገበያ ላይ ወጣ፤ ክዳኑ ገጥሞ እንፋሎቱን የሚያምቅ ድስት፣ ዛሬ ፕሬሸር የምንለው። የተሠራው አትክልት ቶሎ ለመቀቀል ነው። ሳንደርስ በውኃው ፋንታ ዘይት ጨመረበት። የጋለ ዘይት ታምቆ ሲፈነዳ የሚያደርገውን የሚያውቅ ሰው ሙከራው ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ ይገባዋል። ድስቱን ለዘይት እንዲመች አስተካከለው፤ ዶሮው ውስጡ ሳይደርቅ፣ ላዩ ጥርት ብሎ በአጭር ጊዜ ይወጣለት ጀመር።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ቤቱ ተቃጠለ። መልሶ ሠራው። በ1940 ክረምት ደግሞ አስራ አንዱን ቅመም ልክ አበጀለትና ምስጢር አድርጎ ያዘው።

በ1952 ይህን ሙያ ወደ ሶልት ሌክ ሲቲ ወስዶ ለፒት ሃርማን አሳየው። ሃርማን በራሱ ምግብ ቤት ሊሸጠው ተስማማ፤ ለሳንደርስ በአንድ ዶሮ አራት ሳንቲም ሊከፍል። «ኬንታኪ ፍራይድ ቺክን» የሚለውን ስም ያወጣው የሃርማን ሰሌዳ ጸሐፊ ዶን አንደርሰን ነው። የዓለሙ ሁሉ ስም ከባለቤቱ አገር ርቆ፣ በዩታ ግዛት ተወለደ። በመጀመሪያው ዓመት የሃርማን ሽያጭ ከሦስት እጥፍ በላይ አደገ። ሳንደርስ ግን አራት ሳንቲሙን እንደ ትርፍ ገቢ ብቻ ያየው ነበር። ሀብቴ የሚለው የኮርቢኑን ቤት ነው፤ 164,000 ዶላር ሲሰጡትም አልሸጥም አለ።

ሳንደርስ ማደያውን የያዘው በእኛ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በተጫነበት ዓመት ነው። በ1948 ዓ.ም. አዲስ አበባ የዘውዱን የብር ኢዮቤልዩ ስታከብርና አዲሱ ቲያትር ቤቷ ሲመረቅ፣ እሱም በኮርቢን 25 ዓመት ደፍኖ፣ 65 ዓመት ሞልቶት ነበር።

ያኔ የአዲሱ አውራ ጎዳና ወሬ መጣ። መኪናው ሁሉ የሚሄድበት ታላቅ መንገድ በኮርቢን ደጃፍ አያልፍም፤ ከተማዋን በሩቁ ትቷት ይሄዳል። መንገደኛ ከሌለ ደግሞ ማደያው፣ ማረፊያውና ያ ሁሉ ወንበር ለማን?

በፈረንጆች 1956 ቤቱ ለሐራጅ ቀረበ። ዕዳውን የሚከፍለው ከዚሁ ሽያጭ ነው። 164,000 ዶላር አልበቃ ያለው ቤት አሁን ስንት ይጠራለት ይሆን? ዕዳው ሲነሳለትስ ለሽማግሌው ምን ይተርፈዋል?

ሳምንት ይቀጥላል።