አልበራ ያለ ላፕቶፕ እንዴት እንደሚመረመር

ላፕቶፕ የሚባለው ተጣጥፎ የሚያዘው ኮምፒዩተር ዛሬ በብዙ ትምህርት ቤት የተማሪዎች ውጤትና የፈተና ጥያቄ ተጽፎ የሚቀመጥበት መሣሪያ ሆኗል። ስለዚህ አንድ ቀን ማብሪያውን ቢጫኑት ዝም ሲል፥ የሚያስደነግጠው የዕቃው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ በውስጡ ያለው የዓመቱ ሥራ ነው። ነገር ግን አልበራም ማለት ሞተ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ጕድለቱ የሚገኘው ከመሣሪያው ውስጥ ሳይሆን ኃይሉ ከሚመጣበት መንገድ ላይ ነው። የመስኖ ውሃ የቀረበት ገበሬ ከምንጩ ጀምሮ ቦዩን እየተከተለ የተደፈነውን ስፍራ እንደሚፈልግ፥ መምህሩም ኃይሉን ከግድግዳው ጀምሮ በተራ መከታተል ይገባዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ መሣሪያው በእውነት አልበራ እንደ ሆነ፥ ወይም የጨለመው ስክሪኑ ብቻ እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል። ማብሪያውን ተጭኖ ጆሮን ማቅረብና ትንንሾቹን መብራቶች መመልከት ነው። ማራገቢያው ቢሰማ ወይም መብራት ቢታይ፥ መሣሪያው ነቅቶ የታወረው ስክሪኑ ብቻ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የስክሪኑን ብርሃን የሚጨምረውን ቁልፍ መጫን፥ ቀጥሎም በስልክ መብራት ስክሪኑን በጐን ማየት ነው። ጽሑፍ በደብዛዛው ከታየ፥ የጠፋው ከስክሪኑ በስተኋላ ያለው ብርሃን ነው። እንዲህ ያለውን ላፕቶፕ ከሌላ ስክሪን ወይም ከቴሌቪዥን ጋራ በገመድ ቢያገናኙት ሥራውን ሊሠራ ይችላል።

ምንም ድምፅ፥ ምንም ብርሃን ከሌለ ግን ወደ ኃይሉ መንገድ መመለስ ነው። መጀመሪያ ሶኬቱን በሌላ ዕቃ መፈተን ይገባል። በአገራችን የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው፤ የላፕቶፕ ቻርጀር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት እንዲቀበል ሆኖ ስለሚሠራ፥ የኃይሉ ጥቂት መውረድ ብቻ አያቆመውም። የሚያቃጥለው መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በድንገት የሚመጣው ብርቱ ኃይል ነው። ትምህርት ቤቱ በፀሐይ ኃይል የሚጠቀም እንደ ሆነ ደግሞ፥ ቻርጀሩ ብዙ ጊዜ 45 ወይም 65 ዋት ስለሚፈልግ፥ ለአምፖልና ለስልክ ብቻ የተሠራ ትንሽ የፀሐይ መሣሪያ አይችለውም።

ሁለተኛ ቻርጀሩን መመርመር ነው። ከግድግዳው ወደ ሣጥኑ የሚመጣው ገመድ እየላላ ይወጣል፤ ወደ መሣሪያው የሚሄደው ደግሞ ከመታጠፍ ብዛት ጫፉ አጠገብ ውስጡ ይበጠሳል። በሌላ ቻርጀር መሞከር መልካም ነው፤ ነገር ግን ጫፉ ስለ ገባ ብቻ ይስማማል ማለት አይደለም። ክብ ጫፍ ያለው ቻርጀር በጀርባው የተጻፈው የሚሰጠው ቮልት ከፊተኛው ጋራ እኩል፥ አምፔሩም እኩል ወይም የሚበልጥ መሆን አለበት። እንደ ስልክ ባለ ጫፍ የሚሞሉትንም አዳዲስ ላፕቶፖች የስልክ ቻርጀር ኃይሉ ስለሚያንስ ላያስነሣቸው ይችላል።

ሦስተኛ ቻርጀሩን መንቀል፥ ፍላሽና ሌላም የተሰካ ሁሉ ማውጣት፥ ባትሪው በቀላሉ ከውጭ የሚወጣ እንደ ሆነ እርሱንም ማውጣት ነው። ከዚያም ማብሪያውን 30 ሰከንድ ያህል ሳይለቁ መጫን። ምክንያቱም በመሣሪያው ውስጥ ኃይልን የምታዝ ትንሽ ክፍል አለች፤ አንዳንድ ጊዜ ተደናግራ ትቆማለች፤ የቀረው ኃይል ሲወጣላት ግን ሥራዋን እንደ አዲስ ትጀምራለች። ቀጥሎ ቻርጀሩን ብቻ ሰክቶ ማብራት ነው። ያለ ባትሪ ከበራ፥ የሚጠረጠረው ባትሪው ነው። ባትሪው የማይወጣ እንደ ሆነ ፈጽሞ ተሟጦ ሊሆን ስለሚችል፥ ከግማሽ ሰዓት በላይ ተሰክቶ ይቈይና እንደ ገና ይሞከር። በዚህ ሁሉ አንዱን ሳይጨርሱ ወደ ሌላው መዝለል አይገባም፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና። መሣሪያው ጢጥ ጢጥ ቢል ወይም መብራቱ ብልጭ ብልጭ ቢል ስንት ጊዜ እንደ ሆነ መጻፍ ነው፤ ለጠጋኙ በሽታውን የሚያመለክተው ይህ ነው።

የሚያስፈራውንም ማወቅ ይገባል። የላፕቶፕ ባትሪ፥ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1991 ዓ.ም. ለገበያ የወጣው ሊቲየም አዮን የሚባለው ዐይነት ነው፤ በትንሽ ስፍራ ብዙ ኃይል ስለሚይዝ፥ ሲጐዳ በእሳት ሊነድ ይችላል። የመሣሪያው ሆድ አብጦ ወይም የፊደል ቁልፎቹ ወደ ላይ ተነሥተው ቢታዩ፥ ከኃይል ነቅሎ ከልጆችና ከሚቀጣጠል ነገር ማራቅ ነው እንጂ መጫን፥ መብሳት፥ እንደ ገና መሙላት ክልክል ነው። ውሃ የገባበትንም ወዲያው ነቅሎ አጥፍቶ ለባለሙያ መስጠት ነው፤ እሳት ዳር ማድረቅ ይጐዳዋል።

ላፕቶፑ ለጠጋኝ ሲሰጥ አንድ ነገር አይዘንጋ። የተጻፈው ሁሉ የሚቀመጥበት ክፍል፥ ኃይሉም ስክሪኑም ቢበላሽ፥ ብዙ ጊዜ ደኅና ሆኖ ይገኛል፤ ባለሙያም በሌላ ኮምፒዩተር ሊያነበው ይችላል። ስለዚህ ጠጋኙ ሳያስፈቅድ ፎርማት እንዳያደርገው አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። የትምህርት ቤቱን ገንዘብ የሚጠብቁ ሽማግሎችም አዲስ ይገዛ ከማለታቸው በፊት፥ ሶኬቱና ቻርጀሩ ተመርምረው እንደ ሆነ ይጠይቁ። መምህሩም በየሳምንቱ የሥራውን ግልባጭ በፍላሽ ያኑር፤ የተማሪዎቹን ውጤት ደግሞ በወረቀት መዝገብ ይጻፍ። እንዲህ ያደረገ ትምህርት ቤት ላፕቶፑ ዝም ባለ ቀን ይቸገር ይሆናል እንጂ የልጆቹ ድካም አይጠፋበትም።